የይዋስፍ ፍለጋ

የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» ምንጩ የቡድሃ ገድል መሆኑ ዛሬ አያከራክርም። ብዙ ጊዜ ግን «የህንዱ ልዑል ክርስትና ተነሣ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አባባል የታሪኩ አጽም የተለወጠበትን ቦታ ይሸፍናል።

ሲዳርታ ሽማግሌ፣ በሽተኛና አስከሬን ካየ በኋላ መንገድ ላይ አንድ መናኝ ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፍለጋ የራሱ ነው። ስድስት ዓመት ሥጋውን በረኀብ ይቀጣል፤ እንደማያደርሰው ሲረዳ ይተወዋል፤ በመጨረሻ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይነቃል (ቡድሃ ማለትም «የነቃ» ማለት ነው)። ባስተማረው ባለ ስምንት ዘርፍ መንገድም ቀና ንግግር፣ ቀና ተግባርና ቀና መተዳደሪያ አእምሮን ለማጥራት የሚረዱ ልምምዶች ናቸው እንጂ ከላይ የወረዱ ትእዛዛት አይደሉም።

ይዋስፍም ደዌንና እርጅናን ያያል። መናኙ በረላም ግን ነጋዴ መስሎ፣ «የከበረ ዕንቍ ይዣለሁ» ብሎ ልዑሉ ድረስ ይመጣለታል። በዛፉ ቦታ ጥምቀት ገባ። መጽሐፉ ስብከትና ምሳሌ በዛበት የሚሉ አንባብያን እውነት አላቸው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ባለታሪክ የሚያስተምረው ይሻል። እርሱም ይፈልጋል፤ ይሁንና ዙፋኑን ለቆ በረሓ የሚወጣው ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ የሚፈልገውም መምህሩን በረላምን ነው።