ከ7,000 ሄርዝ በታች

ስለ ድምፃዊው ዴሜትሪዮ ስትራቶስ ከተጻፈው ውስጥ ቁጥር ሳይጠቅስ የሚጀምር እምብዛም አይገኝም። ድምፁ 7,000 ሄርዝ ይደርስ ነበር ይባላል፤ ሁለትና ሦስት ድምፅ ባንድ ትንፋሽ ያወጣ ነበር፤ ፓዶቫ ያሉ የፎነቲክስ ተመራማሪዎች ጉሮሮውን በመሣሪያ መርምረውታል። አድናቂዎቹ ይህን እየደጋገሙ ሰውየውን የተፈጥሮ ተአምር አደረጉት፤ የሙዚቃ ደራሲነቱ ግን ተዘነጋ። ታምሞ ሕክምናው ወጪ ስለበዛበት ሚላኖ ላይ ለሰኔ 14 ቀን 1979 የተዘጋጀለት ኮንሰርት፣ ባንድ ቀን ቀድሞ በ34 ዓመቱ ስላረፈ፣ የመታሰቢያ ዝግጅት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን በጥርጣሬ ማዳመጥ እንደ ነውር ተቆጥሯል።

መንገዱ የታወቀ ነው፤ የተወለደባት እስክንድርያ፣ ቆጵሮስ፣ ከ1962 ጀምሮ ሚላኖ፤ በ1967 ከ«ኢ ሪቤሊ» ባንድ ጋር የዘፈነው ተወዳጁ «ፑኚ ኪውዚ»፤ ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ጃዝን ከሮክና ከባልካን ምት ያዋሐደው ባንድ «አሬያ»። ልጁ አፏን ስትፈታ ያስተዋለውም ብዙ ተወርቷል፦ ሕፃን ቋንቋ በለመደ ቁጥር ቀድሞ የነበረው የድምፅ ሀብት ይመናመናል። ብቻውን የሠራቸው ሁለት አልበሞች፣ የ1976ቱ «ሜትሮዶራ» እና የ1978ቱ «ካንታሬ ላ ቮቼ»፣ የጠፋውን ሀብት ፍለጋ ናቸው። ሁለቱን እኩል ማወደስ ልማድ ሆኗል፤ እኩል ግን አይደሉም።

የ«ካንታሬ ላ ቮቼ» መክፈቻ «ኢንቬስቲጋትሲዮኒ» የድርብ ድምፅ ማሳያ ነው። አየሩ በጠባብ ክፍተት ሲገፋ እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ ይወጣል፤ የአፍ ውስጥ ቅርፅ ሲለወጥ ሌላው ይጎላል፤ ሁለቱ በጣም ሲቀራረቡ በመካከላቸው ርግብግብታ ይፈጠራል። ለእኔ ሙዚቃው ያለው እዚህ ርግብግብታ ላይ ነው። ርቀቱ በጠበበ ጊዜ ይዘገያል፣ በሰፋ ጊዜ ይፈጥናል፤ ማለትም ደራሲው ያለ ከበሮ ምት፣ ያለ መሣሪያ ስምምነት መሥራት ይችል ነበር። ስትራቶስ ይህን አገኘ፤ ሆኖም አልቆየበትም። አንዱ ግኝት ሳይበስል ሌላው ይተካዋል፤ ቅንብሩ የቤተ ሙከራ መዝገብ ይመስላል። ደግሞም የቱቫ እረኞች ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ ማውጣትን ወርሰው ይዘፍኑበታል፤ ስለዚህ ድርብነቱ ብቻውን ለታላቅነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ራሱን ሲገድብ ሌላ ሰው ነው። በ1974 የሙዚቃ ደራሲው ጆን ኬጅ በፊደላት ያቀናበረውን «ሜሶስቲክስ» ሲቀርፅ ፊደላቱ በመጠንም በቅርፅም የተለያዩ ነበሩና ድምፁ ገጹን መታዘዝ ነበረበት። ጉሮሮው የፈለገበት መሄድ አልቻለም፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ቃና ቦታ አገኘ። ይህን ቅጂ ከሥራዎቹ ሁሉ ቀድሜ ለተማሪ አሰማለሁ።

ከሁሉም የሚልቀው ግን «ሜትሮዶራ» ውስጥ ያለው «ሚሮሎጊ» ነው፤ የኤፒሮስ ግሪኮች ሙሾ። ስትራቶስ በልጅነቱ የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ዜማና የዓረብ ሙዚቃ እየሰማ አድጓል። እዚህ ላይ ያ ጆሮ ይሠራል። ሙሾ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አልቃሽ እንደፈለገች አትጮህም፣ ልቅሶዋም ዜማውን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ የድምፁ መሰበር እንደ ችሎታ ማሳያ አይሰማም፤ ሐዘኑ የሚጠይቀው ስብራት ነው። ተቺዎች ይህን ክፍል «የባህል ተጽዕኖ» ብለው ባንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉትና ወደ ሄርዙ ይመለሳሉ። በእኔ ግምት በሰባዎቹ ጣሊያን ውስጥ በሰው ድምፅ ብቻ የተሠራ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም፤ የስትራቶስ ደራሲነት መመዘን ያለበትም ከዚህ ተነሥቶ ነው።