የአውድማው ብረት

በእስቴና በስማዳ ወይናደጋ ጤፍ የሚወቃበት አውድማ ይጠረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ከዚያ በሬዎች ላዩ ላይ እየዞሩ ጤፉን ያበራያሉ። በላይዳ ለነፋስ ቢሰጥ፣ በወንፊት ቢነፋም ፍሬው እጅግ ደቃቅ ነውና ከመሬቱ አፈር ጥቂት አብሮት ይቀራል። ይህች አቧራ ለሥነ ምግብ ተመራማሪ ከባድ ፈተና ናት። አፈሩ ብረት አለው፤ የቤተ ሙከራው መሣሪያ ደግሞ የእህሉን ብረትና የአፈሩን ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል።

ጤፍ በብረት ወደር የለውም ሲባል የኖረው በዚያ ድምር ነው። አብርሃም ብሥራትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ያወጡትን ጥናት የማደንቀው ለዚህ ነው። ጤፉን በአሲድ አጥበው ለኩት፤ ቁጥሩ ወረደ። ሁሉ የሚኮራበትን ውጤት የሚያሳንስ ወረቀት ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ከድፍረቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ጥርጣሬያቸው ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ቁጥር በእጅ ይዞ «ይህ ከየት መጣ?» ማለት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ቃለአብ ባዬ ጥያቄውን ከአውድማ ወደ አንጀት አወረዱት። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውህድ ብረትንና ዚንክን ስለሚይዝ፣ የተበላው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ የሰሜን ወሎን እንጀራ መረመሩ፤ ጤፍ ከነጭ ማሽላ፣ ገብስ ከስንዴ፣ ስንዴ ከቀይ ማሽላ። ምርጥ ማኛ ጤፍ ብቻውን አስቦክቶ መለካት ይቀል ነበር። እሳቸው ግን የገበሬው ቤት የሚያቦካውን ቅይጥ ያዙ፤ ከጉና ተራራ ሥር የገብስ እንጀራ የሚበላ ሰው ራሱን የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ነው። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ እንዴት እንደሚፈርስም ተከታተሉ። ፋይቴትን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በስንዴና በገብስ ዱቄት ውስጥ ከጤፍ ይልቅ በርከት ይላል፤ ስለዚህ ምን ከምን ጋር እንደተቀየጠ ማወቅ ግድ ነው። ሕፃን እንጀራ ጠግቦ ብረትና ዚንክ ሊያንሰው የሚችለው ፋይቴቱ በደንብ ሳይፈርስ ሲቀር ነው።

የጤፍን ብረት በሚሊግራም የምትጽፉ ሁሉ፣ እህሉ የት እንደተወቃና ከመለካቱ በፊት ታጥቦ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልን።