ጋዝና አራዳ

መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ የሳይንሱ ቃል ይቀላል፣ የመንደሩ ያስቸግራል ይባላል። እኔን ያጋጠመኝ የተገላቢጦሽ ነው።

«ጋዝ» የሚለው ቃል ማን እንደፈጠረው እንኳ ይታወቃል። የብራስልሱ ሐኪምና ኬሚስት ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት «ካኦስ» ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣው፤ ቃሉ በስፋት የታወቀበት መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1648 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ፍቺውም አጭር ነው፦ የራሱ ቅርጽም ይዘትም የሌለው፣ የገባበትን ዕቃ ሁሉ የሚሞላ ቁስ።

እስቲ አሁን «ጋዝ አለቀ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ። ባለ ኩራዟ እናት እንዲህ ሲሉ ላምባው፣ ማለትም በጠርሙስ የሚቀዳው ነጭ ጋዝ ነው ያለቀው። ጎረቤታቸው ስትለው ሲሊንደሯ ባዶ ሆኗል። ቡታጋዝ የምንለው ምድጃ ደግሞ ስሙ ከቡቴን ቢመጣም በብዙ ቤት ሲነድ የኖረው በነጭ ጋዝ ነው። ሆዱን የነፋው ሰውም «ጋዝ ነው» ይላል። የኬሚስትሪ መምህር ፈሳሹን ጋዝ ማለት ስሕተት ነው ቢል ልክ ነው፤ እኔ ግን የምጽፈው ሰው የሚናገረውን ነው። «ጋዝ ከሸተተዎ ክብሪት አይጫሩ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ የጻፈ ሰው የትኛውን እንዳሰበ ካልገለጸ፣ ቤቷ ዘወትር ላምባ የሚሸታት ሴት ምን ታድርግ?

የመንደሩ ቃል «አራዳ» ደግሞ መነሻው የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ አራዳ ይባል ነበር፤ የከተማው ፖሊስ ሳይቀር «የአራዳ ዘበኛ» ነበር። ገበያውን ጣሊያን ወደ ዛሬው መርካቶ ቢወስደውም ስሙ ሰው ላይ ቀረ። ፍቺው ላይ «ብልጥ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ግን ያንሳል። ብልጥ ሊበላህ ይችላል፤ አራዳ ግን ሳይነገረው ይገባዋል፣ አስተናጋጁ ሳይመጣ ሒሳቡን ዘግቶ ይጠብቅሃል።

አጠቃቀሙ ደግሞ ከሳይንሱ ቃል የጠበቀ ሕግ አለው። «አራዳ ነህ» ይባላል፤ «አራዳ ነኝ» ያለ ግን እዚያው ፋራ ሆኖ ያርፋል። «አራዳ ነኝ ባይ» ስድብ የሆነውም ለዚህ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ የዘለለውን ሰው «አራዳ ሆንክብን!» ሲሉት ማንም አላመሰገነውም። ይህ ከፍቺው ሥር ካልተጻፈ ቃሉ ግማሹ የለም። «ጋዝ» እንደ ተናጋሪው ፍቺው በየቤቱ ይለያያል፤ «አራዳ» ላይ ግን ማን ለማን እንዳለው ራሱ የፍቺው አካል ነው።

እናንተ ሰፈር ሁለቱ ቃላት ሌላ ነገር የሚባልባቸው ከሆነ፣ ፍቺውን ለእኛ ተዉትና ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ጻፉልን፤ ማን፣ ለማን፣ የት እንዳለው ጭምር።