«ሸካራነት» ለምን አይበቃም? በዲጂታል የሕንፃ ሞዴል ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ሞዴሉን በኮምፒዩተር ማሳየት ከጀመሩ ወዲህ፣ የገጽንና የቀለምን ነገር የሚመለከቱ በርካታ ሙያዊ ቃላት አቻ ይሻሉ። ከእነዚህ መካከል በእንግሊዝኛ «ቴክስቸር» የሚባለው በየትርጉሙ «ሸካራነት» ተብሎ እናገኘዋለን። ይህ ስያሜ በሁለት ምክንያት የማይበቃ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

አንደኛው ምክንያት ሰዋስዋዊ ነው። «ሸካራነት» ከቀና «ለስላሳ ሸካራነት» ማለት ግድ ይሆናል። እርግጥ፣ የአጭር ሰው «ርዝመት»፣ የቀጭን ሽቦ «ውፍረት» ይባል የለምን? የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን የቃላቱን አመሠራረት ማስተዋል ያስፈልጋል። «ርዝመት»፣ «ውፍረት»፣ «ስፋት» መለኪያውን ይሰይማሉ። በ«-ነት» የሚመሠረቱት «ረጅምነት»፣ «ወፍራምነት»፣ «ሰፊነት» ግን ባሕርዩ በነገሩ ላይ መኖሩን ያረጋግጣሉ። የአንድ ክፍል ስፋት 12 ካሬ ሜትር ነው እንላለን፤ ሰፊነቱ 12 ካሬ ሜትር ነው አንልም። «ሸካራነት» የሁለተኛው ወገን ቃል ነውና ለስላሳውንም ሸካራውንም አጠቃሎ ሊይዝ አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት የነገሩ አሠራር ነው። ኤድዊን ካትሙል እ.ኤ.አ. በ1974 ለዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ያሳየው ዘዴ፣ ሥዕልን በሞዴሉ ገጽ ላይ ማልበስ ነው። ተራ ቀለም ሲሰጥ አንዱ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሆናል። ሥዕል ሲለብስ ግን እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ቀለም ይይዛል፤ ሥዕሉም ልክ ያስፈልገዋል። 40 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነው ብሎኬት ልኩ በትክክል ካልተሰጠ በር አክሎ ሊታይ ይችላል። ጄምስ ብሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ሌላ ዘዴ አቀረበ። ይኸውም የገጹ ቅርጽ ሳይለወጥ የብርሃኑን ስሌት ብቻ በመለወጥ ጐርባጣ ማስመሰል ነው። በሁለቱም ዘዴ እጅ የሚዳስሰው ነገር የለም፤ የሚታለለው ዓይን ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአማርኛ በተጻፈ የሥራ ዝርዝር ላይ «ግድግዳው ሸካራነት ይጨመርበት» የሚል ትእዛዝ ቢሰፍር፣ ሞዴል ሠሪው የድንጋይ ሥዕል ያለብሳል፤ ግንበኛው ልስኑን ሻካራ አድርጎ ይተወዋል። ሁለቱም ቃሉን ታዘዋል፤ ኪሳራው ግን የባለቤቱ ነው። «ቴክስቸር» ብሎ መዋስም ከዚህ አያድንም። እንግሊዝኛው ራሱ የእውነተኛውን ግድግዳ ገጽና የለበሰውን ሥዕል በአንድ ቃል ይጠራልና።

ስለዚህ አንዱን ባዕድ ቃል በሦስት መክፈል ይገባል እንላለን። በእጅ ለሚዳሰሰው «የገጽ ጠባይ»፣ ለሚለብሰው ሥዕል «ልባስ»፣ ለብሊን ዘዴ «የጐርባጣነት ማስመሰያ»። ቀለምን፣ ልባስንና ወዝን አንድ ላይ አጠቃሎ ለሚይዘው፣ በእንግሊዝኛ «ማቴሪያል» ለሚባለው፣ «ቁስ» ይበቃል። «ልባጥ» የሚለውንም መዝነነው ነበር። ሆኖም እንጨት በወርቅ ሲለበጥ ወርቁ ውፍረት አለው፤ ሥዕሉ ግን ውፍረት የለውምና ትተነዋል።

ግሡም ከስሙ ጋር ይሄዳል። ለተራ ቀለም «ቀባ» ተገቢ ነው። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ሞዴል ከፎቶግራፍ በተገኘ ሥዕል የሚሸፍን ባለሙያ ግን «ቀባው» ሊባል አይገባም። ያ ሕንፃ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው፤ መልኩም የድንጋዩ እንጂ የቀቢ ሥራ አይደለም። «ሞዴሉን ልባስ አለበሰው» ቢባል ግን አድራጎቱ በሞዴሉ ላይ የተፈጸመ መሆኑ ይታወቃል፤ ድንጋዩም ሳይነካ ይቀራል።

«የገጽ ጠባይ» ሁለት ቃል በመሆኑ ለሠንጠረዥና ለኮምፒዩተር ማዘዣ እንደሚረዝም አንክድም። ከእርሱ ያጠረና ወደ አንዱ ጫፍ የማያደላ ቃል ያላቸው ተርጓሚዎች ቢያቀርቡት፣ የእኛን ለመተው አናመነታም። «ሸካራነት» ግን ለሸካራው ብቻ ይቅር።