የጠፉ ዕፅ በል እንስሳት በሥዕል፦ ከአዳማ መማሪያ ክፍል አንጻር የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በመማሪያ ክፍል ውስጥ ካሉት መርጃ መሣሪያዎች ሁሉ ፈጥኖ የሚታመነው ሥዕል ነው። መምህሩ በቃል ያስረዳውን ተማሪው ሊጠይቅበት፣ ሊረሳውም ይችላል፤ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ ሲያየው የከረመውን ግን እንደ ዓይን ምስክር ይቀበለዋል። ሥዕሉ የሚያሳየው በሕይወት ያለ እንስሳ ከሆነ ስሕተቱ ብዙ አይጎዳም። በሬ ወይም ግመል አላግባብ ተሥሎ እንደ ሆነ የአዳማ ልጅ ገበያ ሲወጣ በገዛ ዓይኑ ያርመዋል። እንስሳው ከምድር ገጽ የጠፋ ሲሆን ግን ልጁ ሥዕሉን የሚያስተያይበት ነገር የለውም። ስለዚህ የጠፉ እንስሳት ሥዕል ከሌላው ሥዕል ሁሉ ይበልጥ ሂስ ያስፈልገዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕፅ በል ዳይኖሰሮችና ከእነርሱ በኋላ የኖሩት ታላላቅ ዕፅ በል አጥቢዎች በሥዕልና በሐውልት እንዴት እንደ ተገለጡ መመርመር፣ ቀጥሎም እነዚህ ሥራዎች በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በመሰል የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚማር ልጅ ምን እንደሚነግሩት፣ ምንስ እንደሚሰውሩበት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የተለመደው ሥዕልና ጉድለቱ

በሕፃናት መጻሕፍትና በግድግዳ ሥዕሎች ዘወትር የሚታየው አቀራረብ እንዲህ ያለ ነው። አንገተ ረጅም ዳይኖሰር በሐይቅ ዳር ቆሟል፤ ከበስተጀርባው ተራራ እሳትና ጢስ ይተፋል፤ ከጎኑ ጥርሱን ያገጠጠ ሥጋ በል ያደባል። ዕፅ በሉም አፉን በሰፊው ከፍቷል፤ በአፉ ውስጥ ግን ቅጠል የለም። አፉ የተከፈተው ሊበላ ሳይሆን ሊጮህ ወይም ሊያስፈራራ ነው።

የዚህ አሣሣል አንደኛው ጉድለት የእንስሳውን ጠባይ ማዛባቱ ነው። ትልቅ ዕፅ በል እንስሳ ከጊዜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመብላት ነው። የጥርሱ ቅርጽ፣ የአንገቱ ርዝመት፣ የሆዱ ስፋት ሁሉ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የሚበላውን ያልሣለ ሠዓሊ እንስሳውን አልሣለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በተለመደው ሥዕል ውስጥ ግን ዕፅ በሉ ወይ የሥጋ በሉ ሲሳይ ነው፤ አለዚያም ራሱ ጭራቅ ነው።

በዚህ ላይ የአገሩ ተመልካች ዓይን የለመደው ነገር ይታከልበታል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ባህል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በአመዛኙ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የወደቀው ዘንዶም አፉን ከፍቶ ይታያል። ይህን ሲያይ ያደገ ልጅ፣ በጎን ተሥሎ አፉን የከፈተውን ዳይኖሰር ከዘንዶው ጋር ቢያዛምደው ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሥዕሉ ሌላ ንባብ አልሰጠውም።

ሁለተኛው ጉድለት የቦታና የዘመን ነው። ሐይቅ፣ የሚጤስ ተራራና በሣር የተሸፈነ ሜዳ ለአዳማ ተማሪ የባዕድ አገር ነገሮች አይደሉም። ባቱ ሐይቅ አላት፤ ከመተሐራ አጠገብ ፈንታሌ ቆሟል፤ ሣሩም በየሜዳው ነው። ልጁ በሥዕሉ ውስጥ የገዛ አገሩን ያያል፤ ዳይኖሰሮችም በዚሁ ሸለቆ ውስጥ የኖሩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከአዕዋፍ ዘር በቀር ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች የሸፈነው ታላቁ የእሳተ ገሞራ ፍሰት የወጣው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተከፈተው ከዚያም ወዲህ ነው። አዳማ የቆመችበት አለት በሥነ ምድር አቆጣጠር ወጣት ነው። አንገተ ረጃጅሞቹ ዳይኖሰሮች በገነኑበት በጁራሲክ ዘመንም በሣር የተሸፈነ ሜዳ አልነበረም። ስለዚህ ያ ሥዕል በአዳማ ክፍል ውስጥ ያለ ማብራሪያ ሲሰቀል፣ ሠዓሊው ያላሰበውን ስሕተት ያስተምራል።

2. ሁለት ታላላቅ ሥራዎችና ያስከተሉት ትምህርት

ስሕተት የደካማ ሠዓሊዎች ዕጣ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ በሊቁ በሪቻርድ ኦወን ምክር እየተመራ የሠራቸው ታላላቅ ሐውልቶች እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ መናፈሻ ለሕዝብ ታዩ። ከእነርሱ መካከል ኢጓኖዶን የተባለው ዕፅ በል ዳይኖሰር ይገኛል። እንስሳው በ1825 ስም ሲወጣለት በዋነኛነት የታወቀው በጥርሶቹ ሲሆን፣ ጥርሶቹም የኢጓና እንሽላሊትን ጥርስ ስለሚመስሉ ስያሜውን ከዚያ አገኘ። ሆኪንስ እንስሳውን እንደ ከባድ ባለ አራት እግር አውሬ ቀርጾ በአፍንጫው ላይ ቀንድ አቆመለት። በ1878 ቤልጅግ ውስጥ በርኒሳር በተባለ ስፍራ ከሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ ከ300 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ፣ ብዙ ሙሉ አፅሞች በተገኙ ጊዜ ግን ቀንድ የተባለው አጥንት የእንስሳው የአውራ ጣት ሹል መሆኑ ተረጋገጠ።

ሆኪንስ የሚወቀሰው በመሳሳቱ አይደለም፤ በጊዜው የነበረው ማስረጃ ከዚያ አያልፍም ነበርና። ትችቱ ሌላ ነው። ሐውልቱ የተገኘውን አጥንትና የተገመተውን ሥጋ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ያቀርባል። ጥርሱ ከምድር የወጣ መሆኑንና ቀንዱ ግምት መሆኑን ተመልካች ከሐውልቱ ሊለይ አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ አፍሪካን በቀጥታ የሚነካ ነው። ከ1909 እስከ 1913 በዛሬዋ ታንዛንያ ደቡባዊ ክፍል፣ ተንዳጉሩ በተባለው ስፍራ፣ የጀርመን ተመራማሪዎች በብዙ አፍሪካውያን ሠራተኞች ጉልበትና ችሎታ ታላላቅ የዳይኖሰር አጥንቶችን ቆፍረው አወጡ። ከእነዚህ አንዱ በዚያ ጊዜ ብራኪዮሳውረስ የተባለው አንገተ ረጅም ዕፅ በል ሲሆን፣ በ1937 በርሊን ውስጥ አፅሙ ተገጣጥሞ ቆመ፤ ከፍታውም 13 ሜትር ገደማ ነው። የቼኩ ሠዓሊ ዝዴኔክ ቡሪያን በ1941 ይህን እንስሳ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ራሱንና አንገቱን ብቻ ብቅ ያደረገ አድርጎ ሣለው። የቡሪያን የብርሃንና የውኃ አያያዝ እጅግ የሚደነቅ ነው። ሥዕሉ በየአገሩ በመጻሕፍት እየታተመ የብዙ ትውልድ ትምህርት ሆኗል።

ይሁን እንጂ በ1951 ከርማክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንዲህ ባለ ጥልቀት የውኃው ግፊት ደረትን ስለሚጫን እንስሳው ሊተነፍስ እንደማይችል አስረዳ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም እነዚህ እንስሳት በየብስ ላይ እየተራመዱ የረጃጅም ዛፎችን ቅጠል የሚመገቡ እንደ ነበሩ የሚያስረዳው አስተሳሰብ እየበረታ ሄደ። የቡሪያን ስሕተት መነሻው ውበት ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ክብደት በየብስ ላይ ሊቆም አይችልም የሚለው የዘመኑ እምነት ነው። እንስሳው ምን ይበላ ነበር፣ ምግቡንስ ከየት ያገኘው ነበር የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ረጅሙ አንገት ወደ ዛፉ እንጂ ወደ ሐይቁ ባላመለከተ ነበር።

3. በአገር ውስጥ ያለው ማስረጃ

የሌላው አገር ሥዕል ታርሞ ቢቀርብ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የአዳማ ልጅ የጥንቱን ሕይወት በገዛ አገሩ ማስረጃ ለምን አይማረውም?

የኢትዮጵያ ዳይኖሰሮች የሚታወቁት በአመዛኙ በጥርሶቻቸው ነው። በሰሜን ሸዋ በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ በጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ከተከማቸ የወንዝ ደለል ውስጥ፣ የሥጋ በልና የዕፅ በል ዳይኖሰሮች ጥርሶች ተገኝተው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሳይንስ መጽሔቶች ተገልጠዋል። ይህ ለሠዓሊ ጥቂት ነው፤ ለመምህር ግን ብዙ ነው። አንድ ጥርስ በትክክል ተሥሎ ቅጠል የሚቆርጠው ከሥጋ ቀዳጁ በምን እንደሚለይ ቢታይ፣ ከሙሉ አውሬ ሥዕል የበለጠ ያስተምራል።

ከዳይኖሰሮች በኋላ የመጡት አጥቢዎች የተሻለ ማስረጃ ትተዋል። በጎንደር አቅራቢያ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው ደለል የጥንት ዝሆኖች ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የተባለው እንስሳ ቅሪተ አካል ተገኝቶ በ2003 ለዓለም ተገልጧል። አርሲኖይቴሪየም ለሠዓሊ ወጥመድ ነው። ሲያዩት አውራሪስን ስለሚመስል ባልጠነቀቀ እጅ አውራሪስ ሆኖ ይሣላል። ነገር ግን የአውራሪስ ቀንዶች አጥንት የሌላቸው ሲሆኑ፣ ባለ ሁለት ቀንዱ አውራሪስ አንዱን ከሌላው ኋላ ያቆማል፤ የአርሲኖይቴሪየም ሁለት ታላላቅ ቀንዶች ግን አጥንት ናቸው፤ የሚቆሙትም ጎን ለጎን ነው። በዘርም አይገናኙም። በኦሞ ሸለቆ የተገኘው የጥንት ዝሆን መንጋጋ ጥርሶችም በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቁመታቸው እየጨመረ መሄዱ እንስሳው ሣር ለማላመጥ እየተመቸ እንደ መጣ ያስረዳል። እነዚህን እንስሳት ምግባቸውን አፋቸው ውስጥ አድርጎ የሚሥል ሠዓሊ ከማስረጃው አልወጣም።

ለአዳማ ከሁሉ የሚቀርበው ግን አዋሽ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ስፍራው በ1963 ታውቆ ከ1965 ጀምሮ በዣን ሻቫዮን መሪነት ለረጅም ዓመታት ተቆፍሯል፤ በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ በጎምቦሬ 700,000 ዓመት ዕድሜ ባለው መሬት ላይ የጉማሬ አጥንቶች ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር፣ የአዋቂዎችና የሕፃናት ዱካም ከእንስሳት ኮቴ ጋር ተገኝቷል። ይኸው ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ቆቃ ይገባል፤ በቆቃ ጉማሬ ዛሬም አለ። ስለዚህ የአዳማ ተማሪ ሕያው ጉማሬ በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛና ሣር ፍለጋ ወደ ዳር እንደሚወጣ አይቶ ወይም ሰምቶ፣ የጥንቱን ጉማሬ በዚያው ወንዝ ዳር ሊሥል ይችላል። ለንደንም በርሊንም ይህን ዕድል አያገኙም።

4. እንስሳቱን ያዩ ሠዓሊዎች

ከሻሸመኔ በስተደቡብ፣ ዲላ አቅራቢያ፣ ሻቤ በተባለ የወንዝ ገደል ላይ የቅድመ ታሪክ ሰዎች የላሞችን ምስል በድንጋይ ላይ ቀርጸዋል። ላሞቹ ተከታትለው ይሄዳሉ። አካላቸው በጎን ሲታይ ቀንዳቸው ከፊት የታየ ሆኖ ተቀርጿል፤ ራሳቸው ትንሽ፣ ግታቸው ትልቅ ነው፤ ሻኛ የላቸውም። በዛሬው ዘመን በአካባቢው የሚበዛው ከብት ባለ ሻኛ በመሆኑ ይህ ቅርጽ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ሆኗል።

ቅርጹ በዘመናዊ የአሣሣል ሕግ ቢመዘን ራስና አካሉ አይመጣጠንም። ቢሆንም ከቡሪያን ሥዕል የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ቀራጩ ከብቱን ያውቃል፤ ያጎላውም ሆነ ያሳነሰው ምን እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ ነው። ግቱን ያጎላው ኑሮው ወተቱ ስለ ነበረ ይመስላል። በዚህ ሥራ ዕፅ በሉ ሲሳይም ጭራቅም አይደለም፤ ራሱን ችሎ የሚታይ ፍጡር ነው።

ዘመናዊው ሠዓሊ እንስሳውን ስላላየ ይህን እውቀት በሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። አሜሪካዊው ጄይ ማተርነስ በ2009 በሳይንስ መጽሔት ለወጣው፣ በመካከለኛው አዋሽ በአራሚስ ለተገኘውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ላለው ለአርዲ አፅም የሠራው ሥዕል መንገዱን ያሳያል። ማተርነስ አስቀድሞ አጥንቱን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን፣ በመጨረሻ ቆዳውን ይሥላል። አርዲ ዕፅ በል በሚባሉት ወገን የሚመደብ ባይሆንም የኖረበት ስፍራ ሜዳ ሳይሆን ደን ቀመስ መሆኑን ካስረዱት ምስክሮች ዋነኞቹ አብረው የተገኙት የአጋዘን ወገንና የጉሬዛ ዘመዶች አጥንቶች ናቸው። ቅጠል በሎቹ ለአርዲ ዘመን መሰከሩ፤ ሆኖም ስማቸው ከአርዲ ስም ጋር እምብዛም አይነሣም።

መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ሐተታ አንድ የጠፋ ዕፅ በል እንስሳ ሥዕል ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በሦስት ጥያቄዎች ሊመዘን እንደሚገባ እንረዳለን። አንደኛ፣ ከአካሉ የትኛው ክፍል ተገኝቷል፣ የትኛውስ ተገምቷል? ሁለተኛ፣ እንስሳው ምን ይበላል፣ ምግቡስ በሥዕሉ ውስጥ አለ? ሦስተኛ፣ የቆመበት መሬት፣ ዛፍና ተራራ የእርሱ ዘመንና የእርሱ ስፍራ ነው? ለእነዚህ መልስ የማይሰጥ ሥዕል ቢያምርም መርጃ መሣሪያ ሊባል አይችልም።

መልስ የሌለውን ሥዕል ከግድግዳ ማውረድ ግን ግዴታ አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን ስሕተቱን እንዲፈልጉ ቢያዝ ሥዕሉ ራሱ ትምህርት ይሆናል፤ የሆኪንስ ቀንድም እስከ ዛሬ የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ነው። የሚበልጠው ሥራ ግን ገና ይቀራል። የአዳማ ልጅ ያልታየውን ዳይኖሰር በቆቃ ሐይቅ ዳር ከማቆም ይልቅ፣ የጎምቦሬን ጉማሬ በአዋሽ ዳር ሣር ሲግጥ፣ የሕፃናቱም ዱካ ከጭቃው ላይ ታትሞ ቢሥል፣ በሥዕሉ ውስጥ የሚገኘው የሌላ አገር ተረት ሳይሆን የገዛ ወንዙ ታሪክ ይሆናል።