ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ከቦሌ ትንሽ ነጋዴ አንጻር ሲመረመር

ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሣው ፋብሪካው፥ ባንኩና ትልቁ ሆቴል ነው። ስድስት ወይም ስምንት ሰው ቀጥሮ ቡና ቤት፥ ዳቦ ቤት፥ የጸጉር ማስተካከያ ወይም ጋራዥ የሚያስተዳድረው ሰው ግን ከሁለት ወገን ይረሳል፤ ለመንግሥት ትንሽ ነው፥ ለሠራተኛው ደግሞ ጌታ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን ስለ መቀነስ የደነገገውን ክፍል ከዚህ ሰው አንጻር መመርመር ነው። ለምሳሌ የሚወሰደውም ከቦሌ መንገድ ተነሥቶ በገርጂ፥ በሰሚትና በሲ.ኤም.ሲ. በኩል እስከ አያት የሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ አስቀድሞ የቃሉን ትርጉም መለየት ይገባል። መንግሥት በ2016 የበጀት ዓመት የአገሪቱ ኢኮኖሚ 8.1 በመቶ አደገ ብሎ አስታውቋል። እንዲህ ከሆነ ስለ ገበያ መቀዝቀዝ መናገር ምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የአገር ሒሳብ የብዙ ሰዎች ሒሳብ ድምር ነው፤ ድምሩ ሲያድግ አንድ ሰፈር ሊደኸይ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ባስቀረ ጊዜ፥ ኑሮው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የተያያዘው ቦሌ ተጎዳ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ከኢትዮጵያ ላይ ስታነሣ፥ ጉዳቱ በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች ላይ ብቻ የሚቆም አልነበረም፤ ለእነርሱ ምሳ የምትሸጠውና ቤት የምታከራየውም ገቢዋ በእነርሱ ደመወዝ ላይ የቆመ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ ባለው መንገድ ዳር የነበሩ ብዙ ሱቆች ፈረሱ።

እንግዲህ ደንበኛ የራቀው ነጋዴ ከስድስቱ ሠራተኞቹ አንዱን ለማሰናበት ቢገደድ ሕጉ ምን ይለዋል? በዐዋጁ አንቀጽ 29 መሠረት የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ ከሠራተኞቹ 10 በመቶ የሚሆኑትን፥ ወይም የሠራተኛው ቁጥር ከ20 እስከ 50 በሆነ ጊዜ ቢያንስ አምስት ሰዎችን፥ ከአሥር ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ ማሰናበት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ራሱ ያስላ። 40 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት አራት ሰው ቢያሰናብት ቅነሳ አይባልም፤ ስድስት ሠራተኞች ያሉት ቡና ቤት ግን አንድ አስተናጋጅ ቢያሰናብት ከመቶ 16 ያህሉን ስለሚሆን ቅነሳ ይባላል። ስለዚህ ሕጉ ሸክሙን ከባዱን ለደካማው፥ ቀላሉን ለብርቱው አሸክሞታል ማለት ነው።

የሸክሙም ልክ እንዲህ ነው። አስተናጋጁ አምስት ዓመት አገልግሏል እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፥ ለቀሩት አራት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፥ ማለት በጠቅላላው የ70 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። የተሰናበተው በቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ይጨመርለትና 130 ቀን ይሆናል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ሊሰጠው ይገባል። እንዲህ ያሉ ሦስት ሰዎች ቢሰናበቱ የ390 ቀን ደመወዝ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፤ ይህም የሚፈለገው ገንዘብ በጠፋበት ወር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ ምርጫ ነው። ሕጉ ችሎታና የሥራ ውጤት ያላቸው እንዲቆዩ፥ በዚህ የሚተካከሉ ሲሆኑ የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ብዛት እንዲታይ ያዛል፤ ይህንንም ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር በመመካከር ነው። ሐሳቡ ርኅራኄ ያለበት ነው። ነገር ግን የሠራተኛ ማኅበር በአንድ ድርጅት ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ያስፈልጋል። በስድስት ሰው ቤትም ወጥ ሠሪዋ አንድ፥ ገንዘብ ተቀባይዋ አንድ ናት፤ ማን ከማን ጋር ይመዘናል? ወጥ ሠሪዋ ከሄደች ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። የትንሽ ነጋዴ ጭንቀት ማንን ላሰናብት ብቻ ሳይሆን፥ ያስተማርሁት ሰው ደመወዙ በኑሮ ውድነት ቀልጦበት ጥሎኝ ወደ ትልቁ ሆቴል ቢሄድስ የሚልም ነው።

በሠራተኛው ወገን ያለው ክርክር ግን ሊናቅ አይገባም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላጣ ሰው ገንዘብ የሚከፍል የመድን ድርጅት የለም። ስለዚህ የስንብት ክፍያው ለአስተናጋጁ የቤት ኪራይና የልጆቹ እንጀራ ነው። ደግሞም ብዙ አሠሪ በቃል ብቻ ይቀጥራል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ እንዲሰጥ፥ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን እንዳያጣ ዐዋጁ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሰው መብቱን በምን ያስረዳል? ስለዚህ ክፍያው ይቅር የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ነቀፌታዬ የተጻፈው ዕዳው በመሆኑ ላይ አይደለም፤ መክፈያውን ማንም ያላሰበ በመሆኑ ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የ2012 ዓ.ም. ታሪክ ይበቃል። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በማስፈጸሚያው ደንብም አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ተከለከለ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ሰጠ። ነገር ግን ብድር መያዣ ላለው ሰው ነው፤ በኪራይ ቤት የሚነግድ ሰው መያዣው ምንድን ነው? ክልከላው የሠራተኛውን ስም በመዝገብ ላይ አቆየ እንጂ ደመወዙን ሊያመጣለት አልቻለም። በጀርመን አገር ግን በችግር ጊዜ የሥራ ሰዓት ሲቀነስ ከቀረው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፥ ልጅ ላለው 67 በመቶውን የሥራ መሥሪያ ቤቱ ይተካል፤ ከሥራ ስለ ማሰናበት የወጣውም ጥብቅ ሕግ ከአሥር ሠራተኛ የማይበልጡትን ቤቶች አይነካም። የእኛን አቅም ከዚያ ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ሥርዓቱን ግን መማር ይቻላል።

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ቢደረግ ይጠቅማል። 1ኛ/ የቅነሳ ትርጉም ከ20 በታች ሠራተኛ ላላቸው ቤቶች ለብቻው ቢደነገግ። 2ኛ/ ዐዋጁ በገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራን እስከ 90 ቀን ለማገድ ፈቅዷል፤ ሙሉ በሙሉ ከማገድ ይልቅ በጽሑፍ ስምምነት ሰዓትንና ደመወዝን ለተወሰነ ጊዜ መቀነስ የሚቻልበት ግልጽ መንገድ ቢጨመርበት። 3ኛ/ አሠሪው አሁን ለጡረታ ከሚከፍለው 11 በመቶ ጎን፥ በደኅና ጊዜ በየወሩ ጥቂት እያጠራቀመ ለስንብት የሚሆን የጋራ ሣጥን ቢቋቋም። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕድር የሚባለው ሞት ከመምጣቱ በፊት ለቀብር የሚዋጣ ገንዘብ ነው። ለሰው ሞት አስቀድሞ ማዋጣትን የሚያውቅ ሕዝብ ለሥራ ሞት ማዋጣት አያቅተውም።

አንደኛውና ሁለተኛው ሐሳብ የሕግ አውጪው ፈንታ ነው። ሦስተኛውን ግን የአንድ ሰፈር ነጋዴዎች ዛሬ ሊጀምሩት ይችላሉ። ሣጥኑ በማን እጅ ይቀመጥ፥ ገንዘቡስ በምን መጠን ይዋጣ የሚለውን የሒሳብና የሕግ ተማሪዎች ቢመረምሩት ለቦሌ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ከተማ የሚበጅ ይሆናል።