የታሪክ መሰላልና የታችኛው እርከን

በሆሳዕናና በሾኔ አያቶቻቸው የፈንዳኖ እምነት ተከታዮች የነበሩ፣ እነርሱ ግን ሙስሊም ወይም ክርስቲያን የሆኑ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ታዲያ አንድ ቀን ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥቶ «አያታችን ኋላ ቀር ነበሩ ማለት ነው?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ጥያቄው የቤት ውስጥ ይመስላል። ነገር ግን ከበስተጀርባው የሰው ልጅ መንፈስ በአንድ መሰላል ላይ እርከን በእርከን ይወጣል የሚል ሰፊ ፍልስፍና አለ።

ይህን ሐሳብ በምዕራቡ ዓለም ካራመዱት አንዱ ጀርመናዊው ሄገል (እ.ኤ.አ. 1770-1831) ነው። በእርሱ አመለካከት ታሪክ መንፈስ ነፃነቱን የሚያውቅበት ጉዞ ሲሆን፣ ከምሥራቅ ተነሥቶ በግሪክና በሮም አልፎ በጀርመን ሕዝቦች ዘንድ ይደርሳል። ነፃነትም እውን የሚሆነው በመንግሥት ውስጥ ነው። ሕንድን ከታችኞቹ እርከኖች በአንዱ ሲያስቀምጣት፣ ከሰሐራ በታች ያለችውን አፍሪካ ግን ከታሪክ ውጭ አደረጋት።

ተመሳሳዩን መሰላል በሕንዳዊው ሽሪ ኦሮቢንዶ (እ.ኤ.አ. 1872-1950) ጽሑፎች እናገኘዋለን። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተልኮ በካምብሪጅ የተማረው ይህ ሰው፣ ለሀገሩ ነፃነት ሲታገል እ.ኤ.አ. በ1908 ታስሯል። እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮም «አርያ» በተሰኘው መጽሔቱ፣ ቁስ ወደ ሕይወት፣ ሕይወት ወደ አእምሮ፣ አእምሮም ከእርሱ ወደሚበልጥ ንቃት ያድጋል ሲል ጻፈ። የኅብረተሰብን እርከኖች ሲዘረዝር መነሻ ያደረገው ጀርመናዊውን የታሪክ ጸሐፊ ላምፕሬክትን ነው። እንግዲህ ተመሳሳይነቱ አጋጣሚ ብቻ ሳይሆን በከፊል ብድር ነው።

ልዩነቱ በመንግሥት ላይ ነው። ለኦሮቢንዶ መንግሥት ነፍስ የሌለው መኪና ነው፤ መንፈስን በአዋጅ ማሳደግ አይችልም። የቅኝ ገዥን እስር ቤት ያየ ሰው ይህን ማለቱ አያስገርምም፤ በዚህም ከሄገል ይሻላል። ጉድለቱ መሰላሉን አለመጣሉ ነው። ጥቂት ቀዳሚዎች ይወጣሉ፣ ብዙኃኑ ይከተላል ይላል። ለመሆኑ ማን ከፍ፣ ማን ዝቅ እንዳለ ፈራጁ ማን ነው?

እኛ መልሱን በተግባር አይተነዋል። ማርክስ የሄገልን መሰላል ከመንፈስ ወደ ኢኮኖሚ አዛወረው፤ ደርግም በ1968 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሶሻሊዝምን ግቡ አደረገ። የሙስሊሞች በዓላት በብሔራዊ ደረጃ የታወቁት በዚያው ዘመን መሆኑ አይካድም። ሆኖም በየውይይት ክበቡ የኅብረተሰብ ዕድገት ደረጃዎች ሲጠኑ ሃይማኖት የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ተባለ። ፈራጁም መንግሥት ሆነ።

መሰላሉ ራሱ ዕውር ነው። ሄገል አፍሪካን ከታሪክ ከማውጣቱ አምስት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ አል-ዑመሪ ሐድያን ከሰባቱ የዘይላ ሙስሊም መንግሥታት አንዷ አድርጎ፣ 40,000 ፈረሰኛ እንደምታሰልፍ ጽፎ ነበር። የያኔዋ ሐድያ ከዛሬዋ በስፋት ብትለይም ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ሙሐመድ ኢቅባልም (እ.ኤ.አ. 1877-1938) በካምብሪጅና በጀርመን ተምሯል፤ ስለ ዕድገት ከሩሚም ወስዷል። ለእርሱ ግን የሚያድገው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሥራ ነው። መንግሥትም ዋጋ የሚኖረው እኩልነትን፣ ወንድማማችነትንና ነፃነትን እውን ለማድረግ ሲጥር ነው። ሱረቱል ሑጁራት በ13ኛው አንቀጽ የሚያስተምረን ሕዝቦችና ነገዶች የተደረጉት ሊተዋወቁ መሆኑን፣ ብልጫውም በተቅዋ መሆኑን ነው። ተቅዋን የሚመዝነው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) እንጂ የትኛውም መንግሥት አይደለም።

እንግዲህ ለልጃችን እንዲህ እንበለው፦ አያትህ ፈጣሪን «ዋዓ» ብለው ጠርተዋል፤ ተመራማሪዎችም በፈንዳኖ ውስጥ ጾምን ጨምሮ የኢስላምን አሻራ አግኝተዋል። እምነታችን ከእርሳቸው ይለያል፤ ይህን አንደብቅህም። እርሳቸውን ግን በመሰላል ላይ አናስቆማቸውም፤ ልባቸውን መመዘን የእኛ ሥራ አይደለምና።